የማህጁብ አውራ ጣት

እኔ ሸዋነሽ ጨርቄን የጣልኩ ሴት አይደለሁም፤ መጀመሪያ ይሄ ይታወቅልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ግድግዳ የሚያናግራቸውን፣ ከጣሪያ ላይ ጠላት የሚወርድባቸውን ሰዎች ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። ስለዚህ አሶሳ ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ "ሲስተር ዘንድሮ ለየላት" የሚል ካለ፣ መጥቶ ፊት ለፊት ይንገረኝ። ቅጹ አሁንም ካቢኔዬ ውስጥ አለ። አውጥቼ አሳየዋለሁ።

ታሪኩ የዶክተር ምንይችል ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፤ ሥራው ሱስን ማጥናት። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ሻንጣና ሦስት ካርቶን መጽሐፍ ይዞ አሶሳ ገባና፣ ከክሊኒካችን ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ቤት ቢሮ አደረጋት። እኔን ረዳት አድርገው ሰጡት። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፣ ብቻችንን ስንሆን አንተ። በአምስት ዓመት ስለምበልጠው መብቴ ነው። እሱ ሁሌም "ሲስተር" ነው የሚለኝ።

ያደገው ግልገል በለስ ነው፤ አባቱ ከጎጃም የተመደቡ መምህር ነበሩ። አረቄ የለመደው ገና ተማሪ እያለ ነው። ሐኪም ሆኖ ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ሲሠራ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት አመጡለት። ጠጥቶ ነበርና እጁ እየተንቀጠቀጠ መርፌውን መያዝ አቃተው። ሴትየዋ ሞተች። ቤተሰቧ "ምን ይደረግ፣ የእግዜር ነገር ነው" ብለው ተሸክመዋት ሄዱ፤ አለቆቹም ዝም አሉ። "ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር ሲስተር" አለኝ ይህን የነገረኝ ቀን። "አንድ ሰው እንኳ ምን ሆነህ ነው አላለኝም።" ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ባሰበት፤ ጉበቱ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ ተወ። ተመልሶ ተማረ፤ ሱስን ማጥናት የመረጠውም በዚያች ሴት ምክንያት ነው። ያከመው ሐኪም "ሁለተኛ ከጀመርክ ጉበትህ አይችልም፣ ትሞታለህ" ብሎ በግልጽ ነግሮታል። ይህን አሶሳ ውስጥ ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።

አሁን ስለ ቅጹ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ሰፊ ወረቀት፣ የዓመት። በላዩ ሃምሳ ሁለት መስመር፣ በያንዳንዱ መስመር ሰባት ሳጥን፣ በመስመሩ መጨረሻ ደግሞ የምስክር ቦታ። ሰውየው የጠጣበትን ቀን ያጠቁራል። ያልጠጣበትን ባዶ ይተወዋል። ሰኞ ሰኞ ምስክሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ቀኖቹን አንድ በአንድ ይጠይቀዋል፤ ማክሰኞ የት ነበርክ፣ ረቡዕ ከማን ጋር ዋልክ እያለ። ጥያቄው ሲያልቅ ምስክሩ ይፈርማል። "ላልጠጣበት ቀንም አንድ ምልክት ብናደርግስ?" ብዬው ነበር በመጀመሪያው ዓመት። "ያልጠጣ ሰው በቂ ሥራ ሠርቷል ሲስተር፤ ተጨማሪ ሥራ አንስጠው" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ሞኝነቴን እዩልኝ።

ራሱም ቅጽ ነበረው። ቁጥሩ ዜሮ ዜሮ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፊቴ ይቀመጥና እጠይቀዋለሁ፣ ይመልሳል፣ እፈርማለሁ። በስምንት ዓመት አንድም ሳጥን አልጠቆረም። እውነቱን ልናገርና፣ ከሦስተኛው ዓመት ወዲህ መጠየቁን ትቼው ነበር። ገና ሲገባ እፈርምለትና ወደ ወሬያችን እንገባለን። ሰውን በየሳምንቱ "ጠጥተሃል ወይ" ማለት ያሳፍራል፤ በዚያ ላይ የሚወዱትን ሰው።

ማህጁብ የመጣው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ካሉት የወርቅ ጉድጓዶች በአንዱ የሚሠራ የበርታ ሰው፤ ስልሳ ይሆነዋል፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ዶክተሩ ከቆፋሪዎቹ መቶ አርባ ሰው ለጥናቱ መርጦ ነበርና ማህጁብ አንዱ ሆነ። ፊደል ስላልቆጠረ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ በጣቱ ነው የፈረመው። የቀኝ አውራ ጣቱን አካፋ ቆርጦት ኖሮ፣ ጠባሳው ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ይሄዳል። አሻራው ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ለሁለት የተከፈለ ሆነ።

ዶክተሩ ለሰዎቹ እንዳያፍሩ "እኔም ቅጽ አለኝ" ይላቸዋል። ሌላው ሁሉ ሰምቶ ያልፋል፤ ማህጁብ ግን ቆም አለ።

"አንተ ሻሂድ ማነው?" አለው። ምስክርህ ማነው ማለቱ ነው።

"ሲስተር ናት" አለ ዶክተሩ ወደኔ እያመለከተ።

ማህጁብ ዞሮ ከራስ ጠጉሬ እስከ ጫማዬ አየኝ። "እሱ አንተን ይወዳል" አለ። እኔን ነው "እሱ" የሚለኝ፤ አማርኛው እንዲያ ነው፣ የኔ በርታኛ ደግሞ ከሱ አማርኛ አይሻልም። "የሚወድ ሰው ጥሩ ሻሂድ አይደለም። ወላሂ እኔ ልሁን። አንተ እኔን ጠይቅ፣ እኔ አንተን ጠይቃለሁ።"

ዶክተሩ ሳቀና እጁን ጨበጠው። "እሺ፣ ተስማምተናል" አለው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰውየው ከሄደ በኋላም እንደተናደድኩ ዋልኩ።

ክረምቱ ገባ። የመስክ ሠራተኛችን አብዲ በሞተር ብስክሌት ሰኞ ሰኞ እየሄደ ነበር ሰዎቹን የሚጠይቀው፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ መንገዱ ተቆረጠ። ዶክተሩ አሰበና ወሰነ፦ እስከ መስከረም ሰዎቹ ራሳቸው ያጥቁሩ፣ የምስክር ፊርማ ይቅር። እኔም ተስማማሁ። ጥቅምት ላይ ቅጾቹ በጆንያ ተጭነው በአይሱዙ መጡ። አቧራቸውን አራግፈን ቆጠርን፤ ጉድ ነው። ከግማሽ የሚበልጡት ቅጾች ከሐምሌ ወዲህ ባዶ፣ ንጹሕ። ሰዎቹ መጠጥ ትተዋል። ዶክተሩ ተነስቶ ቢሮው ውስጥ ተንጎራደደ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ጽሑፉን ጽፎ ለአንድ የውጭ መጽሔት ላከ። ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥም ውጤቱን አቀረበ፤ የማህጁብን ቅጽ በፕሮጀክተር በትልቁ ግድግዳው ላይ አሳይቶ "ይህ ሰው ከሐምሌ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰም" ሲል አዳራሹ አጨበጨበ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ቢሮአችን በር ላይ ቆመች። ሐምራዊ ሻሽ የለበሰች፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ።

"እኔ ማህጁብ እህት ነው" አለች። ዶክተሩ ደስ ብሎት ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም። "ማህጁብ የለም። ሐምሌ፣ ዝናብ፣ አፈር ወደቀ። ማህጁብ ውስጥ ነው። እስካሁን ውስጥ ነው፤ አላወጣነውም።"

ዶክተሩ ወንበሩን እንደያዘ ቀረ።

"ወረቀት ዳስ ላይ ተሰቅሎ ነበር" አለች። "እናንተ ወረቀት ሰበሰበ። ሰው አልጠየቀ።" ይህን ብላ፣ አብዲ ለወንድሟ የሰጠውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ብከተላት፣ ምን ብዬ?

አብዲን ላክነው። በሳምንቱ ተመለሰ። ከሐምሌ ወዲህ ቅጻቸው ባዶ ከሆነባቸው ሰዎች መካከል አሥራ አንዱ ሞተዋል። ገሚሱ በጉድጓድ፣ ገሚሱ በወባ፣ ሁለቱ በዚያው በአረቄ። እኛ ግን ሁሉንም ድነዋል ብለን ቆጥረናቸው ነበር። ባዶ ሳጥን ያልጠጣን ሰውና የሞተን ሰው አይለይም፤ ይህን ያህል ዓመት የተማረ ሰውም፣ ይህን ያህል ዓመት ያገለገልኩ እኔም አላየነውም። ዶክተሩ በዚያው ቀን ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጽፎ ጥናቱን ሰረዘ፤ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። "ደብዳቤዎ ደርሶናል" የሚል መልስ መጣ። ዩኒቨርሲቲም ሄዶ ተናገረ። "አይዞህ፣ ያጋጥማል" አሉት።

ኅዳር ሲገባ ሰኞ ጠዋት ከሚንት ከረሜላ ጋር መጣ። ዶክተር ምንይችልና ከረሜላ! አፍንጫዬ አይዋሽም፤ ከከረሜላው ሥር ያለውን ሽታ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አባቴ በሰፈራ ከወሎ መጥተው ባምባሲ መንገድ ላይ መሬት ሲሰጣቸው መጀመሪያ የለመዱት አረቄውን ነው። እጄ እስክሪብቶውን ያዘ። ቅጹ ባዶ ነበር። "እንዴት ነህ?" አልኩት። "ደህና ነኝ ሲስተር" አለኝ። ፈረምኩ። አፈር ልብላ፣ ፈረምኩ። በሚቀጥለው ሰኞም ፈረምኩ። ተሳስቼ ይሆናል፣ ለአንድ ቀን ይሆናል፣ ነገ ይተወዋል እያልኩ ራሴን ስደልል ከረምኩ።

በሦስተኛው ሰኞ የሟቾቹን ቅጽ ልዘጋ ማልጄ ገባሁ። የሚጻፈው አንድ ቃል ነው፣ "ሞቷል" ብሎ ቀን ማስገባት። የማህጁብን አወጣሁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባዶ ነው፣ እንደነበረው። ኅዳር ላይ ግን አምስት ሳጥን ጠቁሯል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት፣ በሁለተኛው ሦስት። በሁለቱም መስመር መጨረሻ፣ የምስክር ቦታ ላይ፣ የአውራ ጣት አሻራ አለ። መሐሉን ሰያፍ ሰንጥቆት ያለፈ።

የፈቃድ ወረቀቱን አውጥቼ አጠገቡ አደረግሁት። መስኮት ከፍቼ በፀሐይ አየሁት። አንድ ነው።

የማኅተም ቀለማችንን ከመሳቢያ አወጣሁ። ከደረቀ ሰንብቷል፤ በጣቴ ብጫነው ምንም አልያዘልኝም። ወጥቼ ዘበኛችንን ረጋሳን "እዚህ ቢሮ የገባ ሰው አለ?" አልኩት። ረጋሳ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። "ገብቶ አላየሁም" አለኝ። "ግን ሰኞ ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ጋ ያለው አግዳሚ ላይ ጭቃ አገኛለሁ። ቀይ ጭቃ፣ እርጥብ። እጠርገዋለሁ። ዝናብ ካቆመ ወር አለፈው እኮ ሲስተር፣ እኔም ሲገርመኝ ነው የሰነበተው።" ሄጄ አግዳሚውን አየሁ። ጠርጎታል፤ በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ግን ቀይ አፈር ቀርቷል። በጣቴ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር፣ እርጥብም ነበር።

በዚያን ቀንም ዶክተሩ መጣ፣ እኔም ምንም ሳልል ፈረምኩ። ፈርቼ ነው። ምኑን እንደፈራሁ አሁንም በደንብ አላውቅም።

በአራተኛው ሰኞ ግን ከሱ ቀድሜ ገብቼ የማህጁብን ቅጽ አወጣሁ። አራት አዲስ ሳጥን፣ አንድ አዲስ አሻራ። አሻራውን ስነካው ቀለሙ ጣቴ ላይ ወጣ። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩና ጠበቅኩት። ሲገባ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነበር፤ የሱን ባዶውን፣ የሟቹን የጠቆረውን።

"ይሄ ምንድነው ምንይችል?" አልኩት። ያለ ማዕረግ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው።

 ከዚያ ተቀመጠና ከረሜላውን ተፍቶ በመሐረብ ጠቀለለው። "ያጠቆርኩት እኔ ነኝ" አለ። "ዘጠኙም የኔ ቀኖች ናቸው። ጠጥቼ ያልተጻፈ ቀን እንዲኖር አልፈለግኩም። አንቺ ፊት ደግሞ በራሴ ቅጽ ላይ ማጥቆር አቃተኝ። ሟቹ ምን ይለኛል ብዬ እሱ ላይ ጻፍኩት።"

"ለምን ጀመርክ?"

"አሥራ አንድ ሰው ሞቶ ድነዋል ብዬ ጻፍኩ። አሁንም ማንም አልጠየቀኝም" አለ።  አንጀቴን በላው፤ ግን አላባበልኩትም። ማባበሌ ምን እንዳደረገ እያየሁት ነበር።

"አሻራውስ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "እሱ ያንቺ አይደለም? አንቺ ያተምሽው መስሎኝ ነበር። አውቃ ዝም አለችኝ ብዬ ነው ሦስት ሳምንት ዓይንሽን ማየት ያፈርኩት።"

አውራ ጣቴን አሳየሁት፤ ጠባሳ የለውም። የፈቃድ ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አውልቆ፣ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሦስቱን አሻራዎች ከፈቃዱ ጋር አንድ በአንድ አስተያየ፤ ተመራማሪ አይደል። ሲጨርስ ወረቀቱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወደ በሩ፣ ወደ አግዳሚው ዞር አልን። ባዶ ነበር።

"እሺ ብዬው ነበር እኮ" አለ ዶክተሩ። "እጁን ጨብጬ እሺ ብዬዋለሁ።"

በዚያው ሰዓት ዘጠኙን ሳጥኖች ወደ ራሱ ቅጽ አስገለበጥኩት። እያንዳንዱን ቀን እጠይቀዋለሁ፤ የት ነበርክ፣ ምን ያህል፣ ከማን ጋር። ይመልሳል፣ ያጠቁራል። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ፊርማዬን ሦስት ጊዜ በሐሰት ስላኖርኩት ዳግመኛ ላምነው አልቻልኩም። አዲስ የማኅተም ቀለም አስገዛሁና ከዚያ ወዲህ በአውራ ጣቴ ማተም ጀመርኩ። በማህጁብ ቅጽ ላይ "ሞቷል" ብዬ ጽፌ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አግዳሚው ደረቅ ሆነ፤ ረጋሳን በየሰኞው እጠይቀው ነበር።

ታኅሣሥን ሙሉ አልጠጣም። ፊቱ ተመለሰ። ጉበቱን ተመርምሮ "ትንሽ ተሽሎታል፣ ግን አንድ ስህተት አይችልም" ተባለ። እንደገና መሥራት ጀመረ፤ አዲስ ቅጽ አወጣ፣ ላልጠጣበት ቀንም ምልክት ያለበት። ጥር ላይ ጉንፋን ጣለኝና ከማክሰኞ ጀምሮ ሳምንቱን ቤቴ ተኝቼ ሰነበትኩ። ሰኞ ስመጣ ዶክተሩ እየሳቀ ተቀበለኝ፣ ብርቱካን ይዞልኝ ነበር። የራሱን ቅጽ አቀረበልኝ። ሰባቱም ቀን ያልጠጣሁ የሚል ምልክት አለባቸው። ትኩሳቱ ገና አልለቀቀኝም፣ ራሴን ያመኛል፤ በዚያ ላይ እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው። ምን ልጠይቀው? ጣቴን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጌ የምስክሩ ቦታ ላይ አተምኩ።

ጣቴን ሳነሳ አሻራው ለሁለት ተከፍሏል። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ሰያፍ።

አውራ ጣቴን ገልብጬ አየሁት። ለስላሳ ነው፣ እንደነበረው። ዶክተሩም ወረቀቱን አይቶታል። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ከውጭ፣ ከአግዳሚው በኩል፣ እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ዞሬ አላየሁም።

ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"ሰኞ የት ነበርክ?" አልኩት።

"ቢሮ። ካንቺ ጋር። አልጠጣሁም።"

"ማክሰኞ?"

"ቤቴ። ሳነብ አመሸሁ። አልጠጣሁም።"

"ረቡዕ?"

ቅጹን አየ። ዓይኔን አልነቀልኩለትም። እንባው መነጽሩ ሥር ወረደ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አነሳና የረቡዕን ሳጥን አጠቆረው።

"ሐሙስስ?" አልኩት።